በአብያታ ዳርቻ የውኃ ዳር ወፎች ቆጠራ፦ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 6፦ ዝግጅት

በዚህ ወቅት የምንቆጥረው በአብያታ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከሆራ ቀሎ ወንዝ መግቢያ አንሥቶ ወደ ሰሜን ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘልቀው ጭቃማ ጠርዝ ላይ የሚመገቡትን የውኃ ዳር ወፎች ነው። ቆጠራው በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተደረገ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ይቀጥላል። የምንሠራው ሦስት ነን፤ እኔ የሥነ ሕይወት መምህር ስሆን፣ የመመረቂያ ጥናቱን እዚሁ የሚያካሂድ አንድ ተማሪና የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የመደበልን ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) አብረውኝ አሉ። ስካውቱ በዚህ ዳርቻ ረጅም ዘመን ያገለገሉ በመሆናቸው መንገዱንም ጭቃውንም ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ያለን መሣሪያ በውሰት የተገኘ ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚያቀርብ ቴሌስኮፕ፣ ሁለት ባይኖኩላር፣ አንድ ጂ.ፒ.ኤስ. (የቦታ መጠቆሚያ)፣ ሁለት የእጅ መቁጠሪያና ካሜራ ነው። ለሁለት ጥንድ ቦቲ ጫማ 1,900 ብር፣ ለባትሪ 480 ብር፣ ለሞተር ሳይክል ኪራይ በቀን 800 ብር አውጥተናል። የስካውቱ የቀን አበል ለብቻው ይያዛል።

የመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ገና ከጅምሩ የስም ችግር ገጠመን። ሽመላና አባ ኮዳ የሚባሉትን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል፤ ጭቃውን እየተራመዱ ለሚለቅሙት ትንንሾቹ ወፎች ግን ሦስታችን የምንስማማበት የአማርኛ ስም አላገኘንም። ስለዚህ ሊትል ስቲንት፣ ራፍ፣ አቮሴት፣ ስቲልት እያልን በፊደላችን ጽፈን፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ስካውቱ ወፉን የሚለዩበትን ምልክት በአጭሩ አስቀመጥን። ለምሳሌ ከአቮሴት አጠገብ «ምንቃሩ ወደ ላይ የተቀለበሰ፣ ውኃውን እንደ ማጭድ ግራና ቀኝ የሚያጭድ» የሚል ተጽፏል።

ጥቅምት 8፦ የመጀመሪያው ቀን

ከ1፡50,000 ካርታ ላይ ስምንት የመቁጠሪያ ነጥቦች አውጥተን፣ ቁጥራቸውን ጂ.ፒ.ኤስ. ውስጥ አስገብተን ሄድን። አንዱም ነጥብ ውኃ ዳር አልወደቀም፤ ሁሉም ከሐይቁ ርቆ ደረቅ ሣር ላይ ነበር። ማታ ተቀምጠን ስንመረምረው ሁለት ስሕተቶች ተደርበው አገኘን። የመጀመሪያው የእኛው ነው፤ ካርታው የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መሠረት ሲሆን፣ ጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያችን ግን ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 በሚባለው ሌላ መሠረት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው መዛነፍ በአገራችን ከ100 ሜትር ይበልጣል። ይህ በአንድ ደቂቃ ይስተካከላል። ሁለተኛው ግን የሚስተካከል አይደለም፤ ካርታው የሚያሳየው በተሠራበት ዘመን የነበረውን ሐይቅ ነው፣ ያ ሐይቅ ደግሞ ዛሬ የለም።

አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው ቡልቡላና ከላንጋኖ የሚመጣው ሆራ ቀሎ ይገቡበታል፤ የገባው ውኃ በተፈጥሮ የሚወጣው በትነት ብቻ ነው። በላይኛው ተፋሰስ ውኃው ለመስኖ ሲሳብ የቡልቡላ ፍሰት ይቀንሳል፤ ከዳርቻውም ከ1980ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ሶዳ አሽ ለሚባለው የኢንዱስትሪ ጨው ማምረቻ ውኃ ሲወሰድ ቆይቷል። መሬቱ በጣም የተዘረጋ በመሆኑ ውኃው በቁመት ጥቂት ሲቀንስ ዳርቻው በርቀት ብዙ ይሸሻል። ይህን ሁላችንም በንባብ እናውቀው ነበር፤ ሆኖም ለቆጠራ ሥራችን ምን ማለት እንደ ሆነ ያሰብንበት የለም። ዋጋውን በኋላ ከፍለናል።

በዚያኑ ቀን ሌላም ስሕተት ሠርተናል። ስንደርስ ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኖ ነበርና ፀሐይዋ ከሐይቁ በላይ በምዕራብ በኩል ፊት ለፊታችን ቆማ ነበር። በቴሌስኮፑ የታየን ሁሉ ጥቁር ጥላ ነው፤ መጠን እንጂ ቀለም አይለይም። ምሥራቃዊው ዳርቻ የሚቆጠረው ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን፣ ማለትም በማለዳ ብቻ እንደ ሆነ ቅጹ አናት ላይ በትልቁ ጽፈናል።

ጥቅምት 20

ነጥቦቹን በእግራችን ተመልክተን እንደ አዲስ መረጥን፤ በየነጥቡም የባሕር ዛፍ ካስማ ተከልን። ስምንት ካስማ ከነማጓጓዣው 640 ብር ፈጀ። ከነጥብ 5 እስከ ውኃው ጠርዝ 70 እርምጃ ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምረን ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስን። ከዚያ በኋላ መሬቱ ስለሚግል አየሩ ይርገበገባል፤ ሊትል ስቲንትና ኪትሊትዝ ፕሎቨር የሚባለው ትንሽ ወፍ ሁለቱም የሚንቀጠቀጥ ነጥብ ሆነው ይታያሉ።

ኅዳር 4

ካስማዎቹ ሁሉም ተነቅለዋል። ነጭ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ደረቅ እንጨት ማገዶ ነው፤ ማንንም መውቀስ አይቻልም። በዚህ ዳርቻ ግራሩ ለከሰል እየተቆረጠ ባለበት ሁኔታ እኛ እንጨት ተክለን መሄዳችን ነው ስሕተቱ። የብረት ካስማ እንትከል የሚለውን የተማሪውን ሐሳብ ስካውቱ አልተቀበሉትም፤ ብረቱ ከእንጨቱም ፈጥኖ እንደሚሄድ ነገሩን። ለጊዜው በጂ.ፒ.ኤስ. ቁጥር ብቻ እንሠራለን።

ኅዳር 12፦ በምስር የተደረገ ልምምድ

ባለፉት ሁለት ቆጠራዎች እኔና ተማሪው አንድን የሊትል ስቲንት መንጋ ስንገምት በጣም ተለያይተናል። መንጋው ተነሥቶ ሲዞር ለማየት የምናገኘው አሥር ወይም አሥራ አምስት ሰከንድ ነው፤ ያን ጊዜ አንድ በአንድ መቁጠር ስለማይቻል አሥሩን ቆጥሮ፣ አሥሩ የያዙትን ስፋት በዓይን ወስዶ፣ መንጋው በዚያ ስፋት ስንት ጊዜ እንደሚከፈል መገመት ያስፈልጋል። ይህ በልምምድ ብቻ የሚገኝ ችሎታ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ቤት ውስጥ ሰፌድ አምጥተን፣ ያልተቆጠረ ምስር በትነን፣ ለአሥር ሰከንድ ብቻ አይተን በነጠላ መሸፈን ጀመርን። እያንዳንዳችን ግምታችንን ሳንነጋገር ከጻፍን በኋላ ምስሩን አንድ በአንድ እንቆጥራለን። በመጀመሪያው ዙር እኔ 300፣ ተማሪው 250 ብለን ጽፈን፣ ምስሩ 412 ሆነ። ቀጥለን ምስሩን እፍን አድርገን በአንድ ጥግ ስናከማቸው ስሕተታችን ባሰ፤ ሳሳ አድርገን ስንበትነው ግን ተሻለ። ሊትል ስቲንት ደግሞ ክንፍ ለክንፍ ሊነካካ እስኪመስል ተጠጋግቶ የሚሰማራና የሚበርር ወፍ በመሆኑ፣ እስካሁን የጻፍናቸው የመንጋ ቁጥሮች አብዛኞቹ ከእውነቱ ያነሱ መሆናቸውን ተረዳን።

ሃያ ዙር ሠራን። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ግምታችን ከትክክለኛው ቁጥር ከመቶ አሥር እጅ ብዙም አይርቅም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ከእያንዳንዱ ቆጠራ በፊት ባለው ምሽት አምስት ዙር እንሠራለን። በተጨማሪም ቅጹ ላይ «የተቆጠረ» እና «የተገመተ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ለይተናል፤ ሁለቱን ቀላቅሎ መደመር በኋላ መረጃውን ለሚጠቀም ሰው ማታለል ነው። መንጋው በሚቻልበት ጊዜ ሁሉ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ፎቶው ማታ በኮምፒውተር ላይ በካሬ ተከፋፍሎ ይቆጠራል።

ኅዳር 19፦ የራፍ ጉዳይ

በሁለት ተከታታይ ቆጠራዎች ትልቁን «ራፍ»፣ ትንሹን «ያልተለየ» ብለን ስንመዘግብ ከርመን፣ ዛሬ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲለቅሙ በቅርብ ስናያቸው አንድ ዓይነት ወፍ መሆናቸውን አረጋገጥን። የራፍ ወንዱ ከሴቷ ጎልቶ ይበልጣል፤ ከመራቢያው ወቅት ውጭ ደግሞ የወንዱ የአንገት ላባ ስለሚረግፍ የሚቀረው ልዩነት መጠን ብቻ ነው። ማስታወሻው ስለ ነበረን የቀድሞዎቹን ቅጾች አስተካክለናል። የተጠራጠሩትን ወፍ «ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ጥቅሙ ይህ ነው፤ በግምት ስም ሰጥተነው ቢሆን ኖሮ ማረም አይቻልም ነበር።

ታኅሣሥ 3፦ ጭቃው

ነጥብ 6 አጠገብ ነጭ ሆኖ የደረቀ የሚመስል ቅርፊት ላይ ቴሌስኮፑን ተሸክሜ ስሄድ ስካውቱ ከኋላ «መምህር፣ በዚያ አይሂዱ፤ ከላይ ነው እንጂ ከታች አልደረቀም» አሉኝ። ቃላቸው ሳያልቅ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። እግሬ ወጣ፤ አንዱ ቦቲ ግን እዚያው ቀረ፤ ሦስታችን ግማሽ ሰዓት ቆፍረን አወጣነው። ቴሌስኮፑን ከራሴ በላይ ስለ ያዝኩት አልተነካም፤ የትራይፖዱ (የቴሌስኮፑ ማቆሚያ) እግሮች ግን ጭቃ ገባባቸው።

የአብያታ ውኃ ፒ.ኤች. (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) ወደ 10 የሚጠጋ ነው፤ ጭቃውም እንዲሁ ያቃጥላል። ትራይፖዱን በዚያው ምሽት በንጹሕ ውኃ አላጠብነውምና በሁለተኛው ቀን የማጥበቂያ ብሎኖቹ ነጭ ጨው ይዘው ተቆልፈው አገኘናቸው። ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈን ሁለቱን አላቀቅን፤ ሦስተኛው ግን ተሰበረ። ብየዳ ቤት ምትኩን በ350 ብር ሠሩልን። ከዚህ በኋላ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውኃ ሞተሩ ላይ ይታሰራል፤ መሣሪያው ሁሉ ቦታው ላይ ታጥቦ፣ ደርቆና ብሎኑ ግራሶ ተቀብቶ ይመለሳል። ለትራይፖዱ እግሮችም የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ክዳን በሚስማር አያይዘን እንደ ጫማ አደረግንላቸው፤ በለስላሳ ጭቃ ላይ አይሰምጡም።

ታኅሣሥ 17፦ ዋናው ስሕተት

ተማሪው የሁለት ወሩን ቁጥር በሰንጠረዥ አስቀምጦ አመጣ። በነጥብ 4፣ 5 እና 7 ላይ የሊትል ስቲንትና የኪትሊትዝ ፕሎቨር ቁጥር ከጥቅምት ወዲህ ያለማቋረጥ ወርዷል፤ ከጎኑም «ቅነሳ» ብሎ ጽፎበታል። ሰንጠረዡ የተስተካከለና የሚያሳምን ነበር። ለሪፖርት ልናስገባው ስንል ስካውቱ «ወፎቹ እኮ አልሄዱም፤ ውኃው ነው የሄደው» አሉን።

በማግሥቱ ሄደን ለካን። በጥቅምት ከነጥብ 5 እስከ ውኃው 70 እርምጃ የነበረው አሁን 380 እርምጃ ሆኗል። እኛ ቆመን የምንቆጥርበት ቦታ አልተንቀሳቀሰም፤ ወፎቹ ግን ከውኃው ጠርዝ ጋር ርቀዋል። እንደ ስቲልትና አቮሴት ያሉት ትልልቆቹ በዚህ ርቀትም ስለሚለዩ ቁጥራቸው ብዙም አልቀነሰም። ከ20 እስከ 40 ግራም የሚመዝነው ሊትል ስቲንት ግን ከዚያ ርቀት አይታይም። ስለዚህ የእኛ ሰንጠረዥ የለካው የወፎቹን መቀነስ ሳይሆን የራሳችንን ዓይን መድከም ነው።

ይህን ባናስተውል ኖሮ የሐሰት ቅነሳ በማኅደር ውስጥ ይገባ ነበር። ተቃራኒውም እንዲሁ ያሰጋኛል፤ ውኃው ሲሸሽ ብዙ እርጥብ ጭቃ ስለሚጋለጥ ለጥቂት ሳምንታት ወፎች ይበዛሉ፤ ይህን «እድገት» ብሎ መጻፍም ሐይቁ ሲሞት ደኅና ነው እንደ ማለት ይሆናል። በአብያታ ላይ ከዓሣው የተማርነው ይህንኑ ነው፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከሐይቁ ሲጠፋ በአጎራባቹ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይራቡ የነበሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን አጡ፤ ሐይቁ ግን ከሩቅ ለሚያየው አሁንም በፍላሚንጎ ሮዝ ሆኖ ያምራል። ትንሹ ፍላሚንጎ የሚመገበው በጨዋማ ውኃ የሚባዛውን ሰማያዊ አረንጓዴ ደቂቅ ስለ ሆነ፣ ዓሣ የማይኖርበት ውኃ ለእርሱ ይስማማዋል። አንዱን ወፍ ብቻ አይቶ ስለ ሐይቁ መናገር አይቻልም፤ ውኃውን ሳይመዘግቡ ስለ ወፉም መናገር አይቻልም።

ታኅሣሥ 24፦ አዲሱ አሠራር

ቋሚ ነጥቦችን ትተናል። ስድስቱ ኪሎ ሜትር በስድስት ክፍል ተከፍሎ፣ የክፍሎቹ ድንበር ወደ ውኃው ቀጥ ብለው በሚሄዱ መስመሮች ተወስኗል፤ ውኃው ቢሸሽም ቢቀርብም ክፍል 3 ያው ክፍል 3 ነው። ከውኃው ጠርዝ ከ120 እስከ 150 ሜትር ርቀን፣ ከጠርዙ ጋር ትይዩ እየሄድን እንቆጥራለን፤ ከዚህ ብንቀርብ እናስነሣቸዋለን፣ ብንርቅ ትንንሾቹን አናይም። ቆጠራው ካለቀ በኋላ ስንመለስ ተማሪው ጂ.ፒ.ኤስ.ውን ከፍቶ በውኃው ጠርዝ ላይ ይጓዛል፤ በዚህ ሁኔታ የየዕለቱ ዳርቻ መስመር ይቀረጻል። በየክፍሉም የእርጥቡ ጭቃ ስፋት በእርምጃ፣ ከጠርዙ አሥር ሜትር ገብቶ ያለው ጥልቀት ደግሞ በሴንቲ ሜትር ምልክት በተደረገበት ዘንግ ይለካል።

ይህ ሥራውን በአንድ ሰዓት ከሩብ አስረዝሞታል። የጥቅምትና የኅዳር የትንንሽ ወፎች ቁጥር ከአሁኑ ጋር እንዳይነጻጸር ቅጾቹ ላይ በቀይ ምልክት አድርገናል።

ጥር 6

የዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ በአውሮፓውያኑ ጥር አጋማሽ ስለሚደረግ ለእኛ ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት ይውላል። ይህ ቆጠራ በ1967 የተጀመረ ሲሆን፣ በእኛ አህጉር የሚካሄደው ክፍል ከ1991 ጀምሮ ነው፤ ሁለቱም ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጋራ ቀን የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከሳይቤሪያ የመጣ ኮርሊው ሳንድፓይፐር ዛሬ እዚህ ከተቆጠረ፣ ነገ ደግሞ በሌላ ሐይቅ እንደ ሌላ ወፍ እንዳይቆጠር ነው።

እኔና ተማሪው ክፍል 1ን እና ክፍል 2ን ሳንነጋገር ለየብቻ ቆጠርን። በአቮሴት ላይ የሁለታችን ቁጥር አንድ ሆነ። በሊትል ስቲንት እርሱ 640፣ እኔ 710 ጻፍን፤ ፎቶው 688 አለ። ምስሩ ሠርቷል።

የካቲት 1

ነፋስ። ክፍል 4 ላይ አቆምን።

የካቲት 2

ትናንት ያልተቆጠሩትን ሁለት ክፍሎች ተማሪው ባዶ ትቷቸው ነበር፤ ክፍል 1 ላይ ስቲልት ስላልነበረም እንዲሁ ባዶ ትቶታል። በወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንዱ «አየሁ፣ የለም» ሲሆን ሌላው «አላየሁም» ነው። ከአሁን በኋላ የሌለው 0፣ ያልታየው ሰረዝ ይጻፍበታል፤ ባዶ ሣጥን አይፈቀድም። የቆዩትን ቅጾች ከትዝታችን ለመሙላት አልሞከርንም።

መጋቢት 3፦ የሆራ ቀሎ አፍ

ክፍል 1 ሁልጊዜ ከፍተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ ምክንያቱም ወንዙ የሚያመጣው ጣፋጭ ውኃ ነው። ፍላሚንጎዎችም ለመጠጣትና ላባቸውን ለማጠብ ወደዚያ ይመጣሉ። ዛሬ ሦስታችንም በተለያየ ክፍል ቆመን ሰዓት እየመዘገብን ስንከታተል፣ ክፍል 3 ላይ የተቆጠረ የራፍ መንጋ ከብቶች ሲመጡበት ተነሥቶ ክፍል 1 ላይ እንዳረፈ አየን። ከደቡብ ወደ ሰሜን ስንቆጥር ይህ ችግር የለም፤ ባለፈው ወር ግን ለመንገዱ ምቾት ብለን ከሰሜን ጀምረን ስለ ነበር አንድን መንጋ ሁለት ጊዜ ቆጥረን ሊሆን ይችላል። አቅጣጫው ከእንግዲህ አይቀየርም፤ ከመቶ በላይ የሆነ መንጋ ሲበርርም ሰዓቱና የሄደበት አቅጣጫ ይጻፋል።

ሚያዝያ 4፦ የመጨረሻው ቆጠራ

ጥቂት ዝናብ ስለጣለ ውኃው በክፍል 2 ወደ ነበረበት 40 እርምጃ ያህል ተመልሷል። ቀሪዎቹ ኮርሊው ሳንድፓይፐሮች ደረታቸው እንደ ሸክላ ቀልቷል፤ ሊትል ስቲንቶቹም ጀርባቸው ወደ ቡናማ እየዞረ ነው። ብዙዎቹ ሄደዋል፤ የቀሩት ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት ይለቅማሉ፤ ከፊታቸው እስከ ሰሜናዊው የበረዶ ምድር የሚደርስ ጉዞ አለ።

ክፍል 5 ውስጥ ስንሄድ አንድ ኪትሊትዝ ፕሎቨር ከፊታችን ተነሥታ፣ ሩቅ ሳትሄድ ዞር እያለች ታየን ጀመር። ስካውቱ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙን። ከእግሬ ሁለት እርምጃ ፊት ለፊት በደረቀ የከብት ዱካ ውስጥ አፈሩ ተጭሮ ነበር፤ በደንብ ሲያዩት ከተጫረው አፈር ሥር የሁለት ዕንቁላሎች ጫፍ ብቻ ይታያል። ይህች ወፍ ስትነሣ ዕንቁላሏን በእግሯ አፈር ታለብሳለች፤ ለዚህም ከሦስት ወይም ከአራት ሰከንድ በላይ አልፈጀባትም። ስንረግጠው በነበረው መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ስንት ጎጆ እንዳለፍን አሰብኩ፤ አሰብኩና አዘንኩ።

ፎቶ አላነሣንም፤ ቦታውን በጂ.ፒ.ኤስ. መዝግበን ወዲያው ተመለስን። የክፍል 5 የመቁጠሪያ መንገድ 60 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሣሩ ጠርዝ እንዲርቅ ካርታው ላይ ተስተካክሏል፤ የክፍል 6ም በመስከረም ከመጀመራችን በፊት ከስካውቱ ጋር በእግር ታይቶ ይወሰናል።